ለወር አበባ ሕመም፣ ለእርግዝና፣ ለአራስና ለልጅ ፍለጋ፦ ከጓዳ ዕፆች የትኛው፣ መቼ፣ ምን ያህል?

ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ ከጓዳ ወይም ከጓሮ አይጠፉም። የሚያስቸግረው የምክሩ መብዛት ነው። አንዷ ጎረቤት ነፍሰ ጡሯን «ጤና አዳም ጨምቀሽ ጠጪ፣ ሆድሽን ያሽረዋል» ስትላት ሌላዋ «ኧረ በእርግዝና አይነካም!» ብላ ትጮኻለች። ለአራስ ወተት ያመጣል የሚባለው አብሽ በሌላ ቤት ምጥ እንዲያፋጥን ይጠጣል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም የሚል ሰው ይኖራል፤ ግን ይችላሉ። ለአራስ የማይጎዳ ነገር ለሁለት ወር እርጉዝ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫው ከዕፁ ስም ሳይሆን ሴቲቱ ካለችበት ወቅት ይጀምራል።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ወቅቱን ይለዩ። የጽንሱ ልብ፣ አንጎልና እጅ እግር የሚቀረጹት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው፤ ከሁሉም የሚጠነክረው ጥንቃቄ እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሴት ግን ማርገዟን የምታውቀው ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ነው። የወር አበባ «ዘገየ» ተብሎ የሚያመጣ ነገር ከመጠጣት በፊት የሽንት የእርግዝና ምርመራ ይቅደም።

ሁለተኛው መመዘኛ የዕፁ ክፍልና አዘገጃጀቱ ነው። ወጥ ውስጥ የገባ ቅመም፣ በሙቅ ውሃ የተዘፈዘፈ ሻይ፣ ተወቅጦ የተጨመቀ ጭማቂ እና ዘይት በኃይል በጣም ይለያያሉ። ቅጠል፣ ፍሬና ሥርም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ በሰው ላይ የታየ ማስረጃ አለ ወይ? በአይጥ ላይ ጠቀመ የተባለ ነገር ለሰው ስንት እንደሚወሰድ አይነግረንም። በአይጥ ጽንስ ላይ ጉዳት ያሳየ ነገር ግን እርጉዝ ሴት እንድትተወው ይበቃል። ማስረጃውን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መመዘን ስህተት ነው።

አራተኛ፣ መጠኑ በቤት ይለካል ወይ? ደረቅ ዱቄት በሻይ ማንኪያ ይለካል። እፍኝ ቅጠል ግን አይለካም፤ በክረምት የተቆረጠውና በበጋ የተቆረጠው እንኳ ኃይላቸው አንድ አይደለም።

አምስተኛ፣ ሴቲቱ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ? ኢንሱሊንና ሌላ የስኳር መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥን እንደ ዋርፋሪን ያለ ክኒን፣ የደም ግፊት መድኃኒትና አይረን ከነዚህ ዕፆች ጋር ይጋጫሉ።

ዝንጅብል

በእርግዝና ወቅት ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው ዝንጅብል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ነው። በጥናቶች የተለመደው መጠን በቀን 1 ግራም የደረቀ ዱቄት ነው፤ 250 ሚሊግራም በቀን 4 ጊዜ። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 2 ግራም ገደማ ስለሚመዝን የቀኑ ድርሻ ግማሽ ማንኪያ ነው፤ እሱም ተከፋፍሎ። እርጥቡ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ 5 ግራም ያህል፣ ማለትም የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቁራጭ፣ ለቀኑ ይበቃል። በስሱ ቆርጠው የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ከድነው ያቆዩትና ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይጎንጩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ቁራጭ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ ሲጠጣ ቃር ያስነሳል፣ ማቅለሽለሹም ይብሳል፤ ከዚያ «ዝንጅብል አልተስማማኝም» ይባላል። ቃር ከመጣ መጠኑን ይቀንሱ ወይም ይተዉት። ለአንድ ቀን ሙሉ ውሃ እንኳ ሆድ ውስጥ ካልቆየ፣ ሽንት ከጠቆረና ከቀነሰ፣ ክብደት ከወረደ ዝንጅብሉ ይቅርና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ያኔ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ማስመለስን የሚያቆም መድኃኒት ነው።

ለወር አበባ ሕመምም ያው 250 ሚሊግራም በቀን 4 ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለ3 ቀን በተወሰደበት ጥናት የሰጠው እፎይታ ከሕመም ማስታገሻዎቹ ከሜፌናሚክ አሲድና ከኢቡፕሮፌን ጋር የተቀራረበ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ከጊዜው ነው። ሕመሙ ከበረታ በኋላ መጀመር ብዙም አይጠቅም። ከወር ወር የሚብስ፣ በግንኙነት ጊዜ የሚያም ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስለውጥ ደም ያለበት ሕመም ግን በሻይ ሊሸፈን አይገባም፤ የማሕፀን ዕጢ ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ) ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ዝንጅብልን በመድኃኒት መጠን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

አብሽ

አብሽ ወተት ያበዛል ወይ? በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽና ውጤታቸውም የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ወተት ጨምሯል ሲሉ ሌሎቹ ምንም ልዩነት አላዩም። በቀን ከ1 እስከ 6 ግራም ሲወሰድ ቆይቷል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ገደማ ነው።

በቤታችን የሚዘጋጀው ዱቄቱ ሌሊቱን በውሃ አድሮ፣ ጠዋት መራራው ቢጫ ውሃ ተደፍቶ፣ የቀረው ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ተመትቶ፣ ማር ተጨምሮበት ነው። ውሃው ሲደፋ በውሃ የሚሟሟው የዕፁ ክፍልም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ መጠጥና በፋርማሲ የሚሸጠው ካፕሱል አንድ አይደሉም፤ በካፕሱል የታየውን ውጤት ከመጠጡ መጠበቅ አይገባም። ሆድ ላይ ግን መጠጡ ይቀላል። በቀን አንድ ማንኪያ ይጀምሩ፣ ሦስት ቀን ሆድ ካልነፋ ወይም ካላስቀመጠ ወደ ሁለት ያሳድጉ። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ መጨመሩ ትርፍ የለውም።

መጠንቀቂያዎቹ ብዙ ናቸው። አብሽ የደም ስኳር ስለሚያወርድ ኢንሱሊን የምትወጋ እናት ላብና መንቀጥቀጥ ሊመታት ይችላል። ለሽምብራ ወይም ለለውዝ አለርጂ ያላት ለአብሽም ሊኖርባት ይችላል፤ የአንድ ቤተሰብ ዕፆች ናቸው። የእናትንም የሕፃንንም ላብና ሽንት ጣፋጭ፣ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ይሰጠዋል። ይህ ሽታ በራሱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ከአንድ ከባድ የሕፃናት በሽታ ምልክት ጋር ይመሳሰላልና ሐኪሙ አብሽ እንደተጠጣ ካልተነገረው ሕፃኑ ለማያስፈልግ ምርመራ ይዳረጋል።

እርጉዝ ሴት ወጥና እንጀራ ላይ ካለው ቅመም አልፋ አብሽን እንደ መድኃኒት እንዳትጠጣ። ከፍተኛ መጠን በእንስሳት ጽንስ ላይ ጉዳት አሳይቷል። ምጥ ለማፋጠን መጠጣትም አይመከርም፤ ማሕፀንን ምን ያህል እንደሚያኮማትር በቤት የሚቆጣጠረው የለም።

ከአብሽ የሚቀድም ነገር ደግሞ አለ። ወተት የሚበዛው ጡት ሲጠባ ነው። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ የጡቱ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለው ዙሪያውም አፍ ውስጥ ገብቶ ይጥባ። ከ5ኛው ቀን በኋላ ሕፃኑ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ወተቱ በቂ ነው። «ወተቴ አነሰ» ብለው አብሽ የሚጀምሩ ብዙ እናቶች የሚያስፈልጋቸው አቀማመጡን የምታስተካክልላቸው አዋላጅ ነርስ ናት።

ተልባ

በእርግዝናና በአራስነት ለሚመጣው ድርቀት ተልባ ጥሩ አማራጭ ነው፣ በቂ ውሃ ካለው። ቆልተው ይውቀጡ፤ ያልተወቀጠው ፍሬ ሳይፈጭ ይወጣል፣ መቆላቱም በጥሬው ያለውን ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር ይቀንሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ በላዩ ሌላ ብርጭቆ ውሃ። ውሃው ካነሰ ተልባው አንጀት ውስጥ አብጦ ድርቀቱን ያብሰዋል። አይረንና ሌላ መድኃኒት ከተልባው በ2 ሰዓት ይራቁ። የተወቀጠ ተልባ ቶሎ ስለሚበላሽ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይውቀጡ።

«ማሕፀን ያለሰልሳል፣ ምጥ ያቀልላል» የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም። በምጥ ላይ ያለች ሴት ሆዷን በተልባ ከሞላች ማስመለስ ይመጣል፤ ድንገት ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም ሆዷ መሙላቱ ለማደንዘዣ አደጋ ነው። ስለ ተልባ ዘይት፣ በካናዳ ኩቤክ የተደረገ ጥናት በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ዘይቱን ከወሰዱ ሴቶች ጋር ያለጊዜ መውለድን አያይዟል። አንድ ጥናት መደምደሚያ አይሆንም፤ ነገር ግን ዘይቱን ቢተዉ ምንም አይጎድልብዎትም።

ጤና አዳም

ከጓሮ ዕፆች ሁሉ በእርግዝና የምንፈራው ይህን ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በብዛት የሚታዘዘውም ይኸው መሆኑ ነው። ቅጠሉና ፍሬው ማሕፀንን የሚያኮማትሩ አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችና ዘይት አላቸው። የኛው ጤና አዳም በአይጥ ጽንስ ላይ ጉዳት አሳይቷል። በደቡብ አሜሪካ፣ ለምሳሌ በኡራጓይ፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሩታ ለማስወረድ ተጠጥቶ የጉበትና የኩላሊት መድከም እንዲሁም ሞት ተመዝግቧል። ለማስወረድ የሚበቃው መጠንና እናቲቱን የሚመርዘው መጠን በጣም የተቀራረቡ ናቸው።

ቡና ላይ የምትነከረዋ ዘለላስ? ከጭማቂው ጋር አትወዳደርም፤ ቢሆንም በእርግዝና «ይህን ያህል አይጎዳም» የተባለ ልክ ስለሌለ ዘጠኙን ወር ያለ ጤና አዳም ይጠጡ፤ ቡናውንም ይቀንሱ። በርበሬ ውስጥ የገባው ፍሬ እንደ ቅመም ጥቂት ስለሆነ አያስጨንቅም። ሳያውቁ በቡና የጠጡ እናቶችም አይደንግጡ፤ ያቁሙና በቀጣዩ ክትትል ይንገሩ። ደም ወይም ቁርጠት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለአራስ ሕፃን ሆድ ቁርጠት ጭማቂውን ማጠጣትም ይቅር። ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም አያሻውም። ጭማቂው በቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል።

ዳማከሴ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ

ዳማከሴ ለምች ነው። በእርጉዝ ሴቶች ላይ ደህንነቱን ያረጋገጠ ጥናት ስለሌለ ጭማቂውን ከመጠጣት ማሽተቱ ይሻላል። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ግን ከቅጠሉ ሳይሆን ከመዘግየቱ ነው፤ ነፍሰ ጡር ላይ ትኩሳት ሲነሳ፣ በተለይ ወባ ባለበት አካባቢ፣ «ምች ነው» ብሎ ሁለት ቀን መጠበቅ ጽንሱን ሊያሳጣ ይችላል። የደም ምርመራው በዚያው ቀን ይደረግ።

ኮንሶና አርባ ምንጭ አካባቢ በየቀኑ የሚበላው የሽፈራው ቅጠል ተቀቅሎ እንደ ጎመን ሲበላ ለአራስም ለነፍሰ ጡርም መልካም ምግብ ነው። ወተት ያበዛል የተባለው በፊሊፒንስ በሌላኛው የሞሪንጋ ዝርያ ካፕሱል ላይ በተደረጉ ትንንሽ ጥናቶች ስለሆነ ለኛው ዝርያ በቀጥታ አይሠራም። የሥሩና የቅርፊቱ ነገር ሌላ ነው፤ እርጉዝ ሴት አትንካቸው።

ጥቁር አዝሙድ እዚህ የገባው ስለ ወንዶች ነው። ልጅ ሲዘገይ ዕፅ የምትጠጣው ሁልጊዜ ሚስት ናት፤ ከችግሩ ግማሽ ያህሉ ግን የወንዱ ድርሻ አለበት። በኢራን በተደረገ አንድ ጥናት የዘር ብዛታቸው ያነሰ ወንዶች 2.5 ሚሊ ሊትር የጥቁር አዝሙድ ዘይት በቀን ሁለት ጊዜ ለ2 ወር ወስደው የዘራቸው ብዛትና እንቅስቃሴ ተሻሽሏል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እርግዝና ስለመምጣቱም አይናገርም። የወንድ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚወስድ ከሦስት ወር በፊት ሙሉ ውጤት መጠበቅ አይገባም። ከዘይቱ በፊት ግን የዘር ምርመራ፤ ከሁሉም የሚረክሰውና ብዙ የሚናገረው እሱ ነው።

ፌጦ በመድኃኒት መጠን ለእርጉዝ አይሰጥም፤ የወር አበባ ያመጣል ተብሎ የሚጠጣ ነውና።

ከምርጫው የሚወጡት

እንዶድ ለልብስ ማጠቢያና ቀንድ አውጣን ለመግደል እንጂ ለሆድ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋሉት ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኃይሉ ሳፖኒን የሚባለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲጠጣ አንጀትን ይልጣል፣ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል። ለማስወረድ የጠጣች ሴት ሳትፈራ ወደ ሆስፒታል ትምጣ፤ የጠጣችውን ስትናገር ሕክምናው ይፈጥናል። ያልተፈለገ እርግዝና ለገጠማት ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 የፈቀዳቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ከእነዚህም አስገድዶ መደፈርና የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ ይገኙበታል። ጤና ተቋም ገብታ ትጠይቅ።

ኮሶና እንቆቆ በእርግዝና አይጠጡም፤ የኮሶ ትል ሕክምና ከወሊድ በኋላ ሊቆይ ይችላል። ጫት የሚቅሙ እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ክብደታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚያነቃቃው ነገርም በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል።

የወይባ ጢስ አይጠጣም፤ ግን በዚሁ ምክንያት «አይጎዳም» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቲቱን ሙቀት ከመጠን በላይ የሚያንር ነገር ሁሉ ለጽንሱ አከርካሪና አንጎል አደጋ ነው። ለአራስ ደግሞ ስፌቱ ወይም የቀዶ ቁስሉ ሳይድን ሙቀትና ላብ ቁስሉን ያመረቅዛል። በዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ገዳይ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ከወለደች ቢያንስ 6 ሳምንት አልፎ፣ ሐኪም ቁስሉን ካየ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

በአንድ እይታ

| ዕፅ | ለምን ይፈለጋል | የሰው ማስረጃ | በእርግዝና | ሲያጠቡ | ልክ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዝንጅብል | ማቅለሽለሽ፣ የወር አበባ ሕመም | ጥሩ | ይቻላል | በምግብ ልክ | በቀን 1 ግራም ዱቄት |
| አብሽ | ወተት | ደካማ፣ የተለያየ | በቅመምነት ብቻ | ይቻላል፣ የስኳር በሽታ ከሌለ | 1–2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ |
| ተልባ | ድርቀት | መጠነኛ | ፍሬው አዎ፣ ዘይቱ አይ | ይቻላል | 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በብዙ ውሃ |
| ሽፈራው ቅጠል | ምግብ፣ ወተት | ደካማ | እንደ ጎመን | እንደ ጎመን | የምግብ ልክ |
| ጥቁር አዝሙድ ዘይት | የወንድ ዘር | አንድ ትንሽ ጥናት | አይ | አይ | ለወንድ 2.5 ሚሊ ሊትር × 2 |
| ዳማከሴ | ምች | የለም | አይጠጣም | አይጠጣም | ልክ የለውም |
| ጤና አዳም | ሆድ ቁርጠት | ጉዳቱ ይታወቃል | ፈጽሞ አይጠጣም | ጭማቂው አይ | ልክ የለውም |
| ፌጦ | ሆድ፣ ወር አበባ | ደካማ | አይ | በምግብ ልክ | ልክ የለውም |
| እንዶድ፣ ኮሶ፣ እንቆቆ | ማስወረድ፣ ትል | መርዛማነት | ፈጽሞ አይጠጣም | አይ | ልክ የለውም |

እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

ገንዘብ ላጠራቸው ነፍሰ ጡሮች፦ የጉልት እርጥብ ዝንጅብልና የተቆላ ተልባ ይበቃሉ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትሉ ያለ ክፍያ ስለሆነ የአይረንና የፎሊክ አሲዱን ክኒን (በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን፣ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ) በየትኛውም ዕፅ አይተኩ። ሻይና ቡና አይረኑን ስለሚያግዱ ክኒኑን ከነሱ አርቀው ይዋጡ።

ካፕሱል መግዛት ለሚችሉ፦ በእንክብሉ ስንት ሚሊግራም እንዳለ የተጻፈበትን፣ አንድ ዕፅ ብቻ የያዘውን ይምረጡ። አሥር ዕፅ የተደባለቀበት «የእናቶች ሻይ» ከነሱ የትኛው እንደጎዳ ለማወቅ አያስችልም። ዱቄት ከገበያ ከመግዛት ፍሬውን ለቅሞ፣ አጥቦና አድርቆ ማስፈጨት ይሻላል፤ በተፈጨው ውስጥ ምን እንደገባ አይታይም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ እህቶች፦ በገበያው «ሒልባ» የሚባለው አብሽ፣ «ሐባ ሰውዳ» ጥቁር አዝሙድ፣ «ረሻድ» ፌጦ ነው። አሠሪ ቤት ለአራስ የሚቀርበውን መጠጥ ስሙን ሳይጠይቁ አይጠጡ። በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ደግሞ ለድብርት የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ዕፅ የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ኃይል ይቀንሳል፤ ያለ ሐሳብ ከሚመጡ እርግዝናዎች በስተጀርባ እሱ ሊኖር ይችላል።

ልጅ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት፦ 12 ወር ያለ መከላከያ ሞክረው ካልመጣ፣ ሴቲቱ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ደግሞ 6 ወር ሲሞላ፣ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። ዕፅ እየቀያየሩ የሚያልፉት ዓመታት አይመለሱም።

ማናቸውንም የሚጠጣ ሰው ወደ ክትትል ሲሄድ የዕፁን ስም፣ የትኛውን ክፍል (ቅጠል፣ ፍሬ ወይስ ሥር)፣ በስንት ማንኪያና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ይያዝ፤ ስሙ ካልታወቀ ራሱን ቅጠሉን በላስቲክ ያምጣ። ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ግን ወረቀት ለመጻፍም አይቆይ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።